ቤት ውስጥ ውሃ ገብቶብን ኢንሹራንስ ልንጠይቅ ነው፤ ምን ማስረጃ እንያዝ? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ

ሰላም ለናንተ ይሁን የድሬ ልጆች። ምክራችሁን ፈልጌ ነው፤ ነገሩ አጣዳፊ ነው።

ቤታችን ሳቢያን ነው። ጣሪያ ላይ ሮቶ አለን። ትናንት ሌሊት ውሃ ሲመጣ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደው መስመር መገጣጠሚያው ላይ ተገነጠለ። ውሃው በኮርኒሱ ወርዶ ሳሎኑንና አንዱን መኝታ ቤት አጥለቀለቀው። ኮርኒሱ ግማሹ ወድቋል። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ፍራሹ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉም ርሷል። ፍሪጁም ከሥሩ ውሃ ውስጥ ነበር።

ቤቱ በባንክ ብድር የተሠራ ስለሆነ የእሳትና ተጓዳኝ አደጋዎች ኢንሹራንስ አለን። የቤት ዕቃውንም አስገብተናል። ስንደውል «ሰኞ ገማች እንልካለን፣ እስከዚያ አትንኩት» አሉን። ባለቤቴ ደግሞ «እስከ ሰኞ ይሸታል፣ እናውጣው» ይላል። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ምን ፎቶ እናንሳ? ምን ወረቀት እንያዝ? የምታውቁ በፈጠራችሁ።

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

አይዞሽ እህቴ፤ ሰው ካልተጎዳ ሌላው ይተካል። ኢንሹራንስ ውስጥ ካሳ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት የመብራቱን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉት። የረጠበ ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ አለ። ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ እንዳትሰኩ። ለሕይወታችሁም አደጋ ነው፣ በውሃው የተበላሸውን በእናንተ እጅ የተበላሸ ያስመስለዋል።

ቀጥሎ በጽሑፍ አሳውቁ። ስልክ አይበቃም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ እሱን አልተካውም። አደጋው መድረሱን ካወቃችሁበት ጊዜ ጀምሮ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ ይላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ በሌላው ላይ ቀንና ማህተም አስመቱና ያዙት። ቢሮው ዝግ ከሆነ ዛሬውኑ በኢሜይል ወይም በመልእክት ላኩ፣ ወረቀቱ ሰኞ ጠዋት ይግባ።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ብዙ ሰው የተበላሸውን ሶፋ ደጋግሞ ያነሳል፣ የተገነጠለውን ቧንቧ ግን አያነሳም። እኔ ሳያቸው የነበሩ ጥያቄዎች የሚወድቁት ሶፋው ስላልታየ አልነበረም። ውሃው ከየት እንደመጣ ማሳየት ስላልተቻለ ነው። ለምን መሰለሽ? ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) በድንገት የፈነዳ ቧንቧንና ሞልቶ የፈሰሰ ታንከርን ሊሸፍን ይችላል። ለወራት ሲንጠባጠብ የኖረን ቧንቧ፣ የዛገ ቆርቆሮን፣ ያረጀ ጣሪያን ግን አይሸፍንም። ጎርፍ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ነው። ሶፋውን ያረጠበው ያው ውሃ ነው፤ ካሳው የሚወሰነው ግን በመጣበት መንገድ ነው።

ስለዚህ አንድ ያልተቆረጠ ቪዲዮ ቅረጹ። ከውጭ በር ጀምሩ፣ የቤት ቁጥሩ ይታይ። ወደ ጣሪያ ውጡ፤ ሮቶው፣ የተገነጠለው ቦታ፣ ውሃው የሄደበት መንገድ ይታይ። ከዚያ ወደ ታች ኮርኒሱን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ዕቃውን ተከትላችሁ ግቡ። ቀኑንና ሰዓቱን በድምፅ ተናገሩ። ስለ ሰዓት ስናገር፣ ስልኩ 3:00 ሲል እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንላለን። ደብዳቤው ላይ አንዱን፣ ቅጹ ላይ ሌላውን የጻፈ ሰው «ቃሉ ይለያያል» ሲባል አይቻለሁ። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብላችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ጻፉ።

ፎቶውን ደግሞ ክፍሉን በሙሉ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከዚያ ዕቃ በዕቃ፣ ከዚያ የቴሌቪዥኑንና የፍሪጁን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር የያዘውን ልጣፍ። ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን ከፍታ ሜትር አቁማችሁ አንሱት። ይሄን አሁኑኑ አድርጉ፤ የድሬ ፀሐይ እስከ ቀትር ድረስ ምልክቱን ታጠፋዋለች።

ከዚራ_ሰፈሬ

ጋሼ የሚሉት ጥሩ ነው፤ ግን እስከ ሰኞ ውሃ የያዘ ፍራሽ ቤት ውስጥ አስቀምጦ መቆየት ወላሂ አይቻልም። ሻጋታ በአንድ ሁለት ቀን ይጀምራል። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ ወይም አስም ያለበት ሰው ካለስ? ባለቤትሽ ልክ ነው። አውጡት አቦ!

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

ከዚራ፣ አልተለያየንም። «አትንኩት» ሲሉ አትጣሉት፣ አታስጠግኑት ማለታቸው ነው። እንዲበሰብስ ተዉት ማለታቸው አይደለም። እንዲያውም አብዛኞቹ ፖሊሲዎች ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚቻላችሁን አድርጉ ይላሉ። ዝም ብሎ ያየ ሰው በኋላ የበሰበሰውን ላይከፈለው ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ ቪዲዮና ፎቶ። ከዚያ ውሃውን ጥረጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ዕቃውን ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር አውጡ። ለኢንሹራንሱ ሰው «ውሃውን ጠርገን ዕቃውን አውጥተናል፣ ምንም አልጣልንም» ብላችሁ መልእክት ላኩለት፤ በጽሑፍ ይቀመጥ። የግድ መጣል ያለበት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ውሃ የገባበት ጤፍ ወይም የሸተተ ፍራሽ፣ ከምንጣፉም ከፍራሹም ጨርቅ ቆርጣችሁ ስም ጽፋችሁበት በፌስታል አስቀምጡ። ለጉልበት ሠራተኛ፣ ለፓምፕ፣ ለፕላስቲክ ሸራ ያወጣችሁትንም መዝግቡ። ጉዳቱን ለመቀነስ የወጣ ወጪ ስለሆነ መጠየቅ ይቻላል።

ቧንቧ_ሠሪው

እህቴ፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሠራተኛ ጠርታችሁ ስታስጠግኑ የተገነጠለችውን ቁራጭ እንዳይወስዳት! እኛ ልማዳችን ነው፤ አሮጌውን ነቅለን እንወረውራለን። ያቺ ቁራጭ ለእናንተ ከሶፋው በላይ ዋጋ አላት።

መጀመሪያ የሮቶውን መውጫ ዝጉ። ቁራጯን በቦታዋ እንዳለች ከቅርብም ከሩቅም አንሷት። ከዚያ ሠራተኛው መገጣጠሚያው ላይ አይቁረጥ። ከሁለቱም ወገን አንድ ስንዝር ያህል ተርፎ ይቆረጥ። ስብራቱን ያየ ባለሙያ ብዙ ነገር ይገባዋል። ፀሐይ ላይ የኖረ ፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ ይደርቅና ባንድ ጊዜ ይሰነጠቃል። በደንብ ሳይቀልጥ የተበየደ ደግሞ ግፊት ሲመጣ ከነአንገቱ ይወጣል። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኖራ ይይዘውና አልዘጋም ይላል። እሱንም ፍቱና አስቀምጡ፣ በኋላ ያስፈልግ ይሆናል።

ሠራተኛውን ያየውን በወረቀት አስጽፉት። ስሙ፣ ፊርማው፣ ቀኑ፣ ምን ተበላሽቶ እንዳገኘ፣ ምን እንደቀየረ። ያላየውን አይጻፍ። አንዳንዱ «ምን ብዬ ልጻፍላችሁ?» ይላል። ያየኸውን በሉት። ገማቹ ቁራጯን ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል።

የቆጣሪውን ንባብም ዛሬ አንሱት። ያ ሁሉ ውሃ አልፎበታል። የዚህ ወር የውሃ ቢል ካለፉት ወራት ከፍ ብሎ ሲመጣ ሌላ ማስረጃ ይሆናችኋል።

የሳቢያኗ

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ቪዲዮውን ቀርፀናል፣ ቧንቧውንም አስቀምጠናል። አሁን የቸገረኝ ደረሰኝ ነው። ቴሌቪዥኑ እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ የተገዛ ነው፣ ያኔ ወረቀት የሰጠን የለም። ሶፋውን እዚሁ ሰፈር አናጺ ነው የሠራልን። የፍሪጁ ደረሰኝ አለ፤ ግን ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል።

ታይዋን_ነጋዴ

ይሄ የድሬ ሰው ሁሉ ችግር ነው። ያ የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ በሙቀት ይጠፋል፣ እዚህ ሀገር ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። የገዛችሁ ቀን ፎቶ አንሱት። ለሌሎቻችሁም ነው የምለው።

ለአሁኑ ግን መንገድ አለ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍላችሁ ከሆነ የዚያን ጊዜ የሂሳብ መግለጫ አውጡ። ካርቶኑ ወይም የዋስትና ካርዱ ዕቃ ቤት ካለ ፈልጉ፤ ተከታታይ ቁጥሩ ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። አናጺው ሶፋውን መቼ በስንት እንደሠራው ይጻፍላችሁ። የድሮ ፎቶዎችን አገላብጡ፤ የልደት፣ የኢድ፣ የገና፣ የጥሎሽ። ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነው ፎቶ የሚነሳው! ዕቃው ቤታችሁ እንደነበረና ከአደጋው በፊት ደህና እንደነበረ ከዚያ በላይ የሚመሰክር የለም።

ለዛሬው ዋጋ ደግሞ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ከተለያዩ ሱቆች ይሁን፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ማህተም ይኑረው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ደረሰኝ ቁረጥልኝ» እያሉ የሚመጡ አሉ፤ ላልተሸጠ ዕቃ፣ ባለፈ ቀን። እንዳታደርጉት። ገማቾች ሱቁ ድረስ መጥተው ይጠይቃሉ። አንድ የሐሰት ወረቀት ከተገኘ እውነተኛው ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

ነጋዴው ጨርሶታል። እኔ ስለ ዝርዝሩ ልጨምር። በደብተር ወይም በኤክሴል አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ። የዕቃው ስም፣ የት ክፍል እንደነበር፣ መቼ እንደተገዛ፣ በስንት፣ ዛሬ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ የፎቶው ቁጥር። የፎቶው ቁጥር እንዳይቀር። ገማቹ ተራ ቁጥር 7ን ሲያነብ ፎቶ 7ን ማግኘት አለበት። የተደረደረ ፋይል ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ ይስተናገዳል።

ፎቶ ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ። ጥራቱ ይወርዳል፣ የተነሳበት ቀንና ሰዓት መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ላኩት። ዋናውን ከስልኩ አታጥፉ።

ደቻቱ_ማዶ

የኔ ጥያቄ ስለ ጎርፍ ነው። ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም። የ1998ቱን ክረምት ያየ ሰው እዚህ አይጠፋም። ያ ሌሊት የወሰደብንን አንረሳም፤ ሰውን የሚመልስ ኢንሹራንስ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር የማስበው፣ ለንብረቱ እንኳ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይሠራል ወይ?

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

ነፍሳቸውን ይማር ወንድሜ።

የመጀመሪያው ነገር ፖሊሲህን አውጥተህ «ጎርፍ» የሚል ቃል መኖሩን እይ። የእሳት ፖሊሲ ብቻውን ጎርፍን አይሸፍንም። በተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) የሚገባ አንቀጽ ነው። «የቧንቧ መፈንዳት» የሚለው አንቀጽ ለጎርፍ አይጠቅምም፤ የጎርፉም ለቧንቧ አይጠቅምም።

ማስረጃው ከቧንቧ ይለያል። ከውጭ መጀመር አለበት። መንገዱን፣ የጎረቤቱን አጥር፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ የተወውን መስመር ከውጭም ከውስጥም። የቀበሌ ደብዳቤ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ አካባቢው በሙሉ እንደተጎዳ ያረጋግጣል። የሚቲዎሮሎጂ መረጃም መጠየቅ ይቻላል። ግን አስተውል፤ ደቻቱ ሲሞላ ድሬ ላይ ጠብታ ላይወርድ ይችላል። ዝናቡ የሚዘንበው ከደንገጎ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። የድሬን ጣቢያ ብቻ ያየ ሰው «በዚያ ቀን ዝናብ አልነበረም» ሊልህ ይችላል። የላይኛውን አካባቢ መረጃም ጨምረህ ጠይቅ።

ጀጎል_ውስጥ

ከሐረር ነኝ። እኛ ጋ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ቤታችን ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ የድሮ «ጌይ ጋር» (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ነው። ባለፈው ዝናብ ከጣሪያው ሰርጎ በግድግዳው ወረደ። ግድግዳው ላይ ከአያቴ ጀምሮ የተሰቀሉ ስፌቶች አሉ፤ ከሥር ያሉት ሻግተዋል። ለእነሱ ምን ፕሮፎርማ ይመጣል? ማን ይሸጣቸዋል? ግድግዳውስ? አንዱ ግምበኛ በሲሚንቶ ልለስነው አለኝ፤ እምቢ አልኩት።

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

እምቢ ማለትህ ትክክል ነው። የድሮ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ጀጎል ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ጥገናው ፈቃድና የድሮውን ሥራ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የጥገና ዋጋ ስታስመጣ ከዚያ ዓይነት ባለሙያ ይሁን፤ ለምን ከተራ ልስን እንደሚበልጥም በጽሑፍ ያስረዳ።

ስለ ስፌቶቹ ግን ላላታልልህ። የቅርስነት ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች በስማቸውና በዋጋቸው ፖሊሲው ላይ ካልተዘረዘሩ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈሉም። ቀስ ብሎ የሰረገ ዝናብም ከባድ ጥያቄ ነው። ቢሆንም አመልክት፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ለወደፊቱ እያንዳንዱን ስፌት ከፊትም ከኋላም አንስተህ፣ ስፌት የሚያውቁ እናቶች የሠራውን ሰው፣ ዘመኑንና ዋጋውን ነግረውህ ጽፈህ፣ ፖሊሲው ሲታደስ አስዘርዝራቸው። እነዚያ እናቶች እያሉ መደረግ ያለበት ሥራ ነው፤ ኢንሹራንስ ባይኖርም እንኳ።

ተከራይ_ነኝ

አከራዬ ኢንሹራንስ አላቸው። የኔን ዕቃ ይሸፍናል?

ታይዋን_ነጋዴ

አይሸፍንም። የሳቸው ለቤቱ ነው። ያንተን ዕቃ አንተ በስምህ ማስገባት አለብህ። ሲያስገቡልህም የኪራይ ውልህን ይዘህ ሂድ።

ኮንዶ_ሦስተኛ_ፎቅ

እኛ ጋ ውሃው የመጣው ከላይ ከጎረቤት ነው። ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው። አሁን «ምንም አልጠይቅም» ብዬ እንድፈርም ወረቀት አምጥተዋል። ኢንሹራንሴን ገና አልጠየቅኩም።

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

አትፈርሚ እህቴ፤ ቢያንስ አሁን። ኢንሹራንሱ ላንቺ ከከፈለ በኋላ በአንቺ ቦታ ገብቶ ጥፋት ያለበትን ወገን የመጠየቅ መብት አለው። አንቺ በፊርማሽ መብቱን ከዘጋሽበት፣ «ታዲያ እኛም አንከፍልም» የሚል መከራከሪያ ሰጠሻቸው። እርቁ ይቆይ፣ ቡናውም ይጠጣ። ወረቀቱን ግን መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ አሳዪ።

ቧንቧው የማን እንደሆነም አጣሪ። ከላይኛው ቤት ውስጥ ያለ ነው ወይስ ሁሉንም ፎቅ የሚያቋርጥ የጋራ መስመር? በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ መሠረት የጋራ የሆነውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። የጋራ መስመር ከሆነ ጎረቤትሽ ምንም ላያጠፉ ይችላሉ። ማኅበሩ ቦታውን አይቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝ።

የሳቢያኗ

ገማቹ መጥቶ ነበር። ልክ እንዳላችሁት፣ ሶፋውን ሳያይ መጀመሪያ ጣሪያ ልውጣ አለ። ቧንቧውን አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ልውሰደው አለ። ኮርኒሱ ላይ አሮጌ ምልክት እንዳለም ፈተሸ። አንድ የውሃ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ የተደራረበ ክብ ክብ የለውም አለ። የተደራረበ ቢሆን ድሮ ሲያፈስ የኖረ ነው ይሉ ነበር ማለት ነው።

ቧንቧውን ስሰጠው ተረክቤያለሁ ብሎ ፈርሟል። ግን የቤት ዕቃው የኢንሹራንስ መጠን ትንሽ ነው፣ ተመጣጣኝ ነው የሚከፈላችሁ አለን። አልገባኝም።

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

ማስፈረምሽ በጣም ጥሩ ነው።

ተመጣጣኝ ያለው ይሄን ነው። ዕቃችሁን በ600,000 ብር አስገብታችኋል እንበል። ዛሬ ሁሉም ዕቃ ሲገመት ግን 1,200,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ ግማሹን ነው ያስገባችሁት፤ የቀረውን ግማሽ ራሳችሁ እንደሸፈናችሁ ይቆጠራል። የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 100,000 ነው የሚታሰበው። ከዚያ ላይ ደግሞ በፖሊሲው የተጻፈው ተቀናሽ (ራሳችሁ የምትችሉት ድርሻ) ይነሳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የድሮውን መጠን ሳይነኩ በየዓመቱ የሚያድሱ ሰዎች ሁሉ እዚህ ውስጥ አሉ።

ግን የገማቹን ግምት ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። የዛሬውን ጠቅላላ ዋጋ እንዴት እንዳወጣ ዝርዝሩን ጠይቁት። ያገለገለ ዕቃ እንደ አዲስ ተገምቶ ጠቅላላው ከፍ ካለ የእናንተ ድርሻ ያንሳል። ለጠቅላላው የአዲስ ዋጋ፣ ለጉዳቱ የአሮጌ ዋጋ መያዝ ልክ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ሚዛን ይሁን።

ባንኩም ቤቱ ላይ ጥቅም ስላለው የሕንፃው ካሳ ለባንኩ ሊከፈል ይችላል። ጥገናው እንዳይዘገይ ካሁኑ ባንኩን አነጋግሩ።

ከዚራ_ሰፈሬ

ይሄን የተመጣጣኝ ነገር ሲሸጡልን የሚነግረን የለም እኮ! ፖሊሲው በአማርኛ ተተርጉሞ ቢሰጠን ምን ይላቸዋል? ሰው የፈረመበትን ማወቅ መብቱ ነው።

የሳቢያኗ

እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅና ልጨርስ። የዕቃውን ካሳ ቶሎ እንክፈላችሁ፣ ይሄን ቅጽ ፈርሙ ብለዋል። «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ወደፊት ምንም አንጠይቅም» ይላል። ግድግዳው ግን ገና ነጭ እያወጣ ነው፤ ኤሌክትሪሺያኑም ሽቦውን ሙሉ ለሙሉ አላየውም።

ካሳ_ክፍል_የነበርኩ

እንደተጻፈው አትፈርሙት። «ይህ ክፍያ ለቤት ዕቃው ብቻ ነው፤ የሕንፃውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ጉዳት ገና አልተገመተም» የሚል እንዲጨመር በደብዳቤ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ኤሌክትሪሺያኑን ዛሬ አምጡት፣ ያገኘውን ይጻፍ፤ ግድግዳውን በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱት። የተስማማችሁበትን ሁሉ በጽሑፍ ያዙ፤ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ይቋረጣልና ደብዳቤ ብቻ እየተጻጻፋችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።